የፊርማ ዋጋ፦ ኦራክሎችን በገንዘብ ሐቀኛ የማድረግ ሙከራ ታሪክ

ጁን 25 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ሲንቴቲክስ በተባለ የክሪፕቶ መገበያያ ሥርዓት ውስጥ የደቡብ ኮሪያ ዎን ዋጋ በድንገት ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ዘለለ። በእውነተኛው ገበያ ግን የተፈጠረ ነገር አልነበረም፤ ዎን እንደ ወትሮው ይመነዘር ነበር። የተሳሳተው ለሥርዓቱ የምንዛሪ ዋጋ ከሚያቀብሉት የመረጃ ምንጮች አንዱ ነው። ሥርዓቱ ሴኡልን አያይም፤ የሚያየው የደረሰውን ቁጥር ብቻ ነው። በራሱ የሚገበያይ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ልዩነቱን አገኘና ደጋግሞ መነዘረ። በአጭር ጊዜም ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ሠራሽ ኢቴር በባለቤቱ ሒሳብ ላይ ተከማቸ። ይህ ቁጥር በወቅቱ በዓለም ላይ ከነበረው እውነተኛ ኢቴር ሲሶውን ይበልጣል። ነገሩ በድርድር አለቀ፤ የፕሮግራሙ ባለቤት ግብይቶቹን ለመመለስ ተስማማ፤ ለዚህም ወሮታ ተከፈለው።

በዚያ ቀን የዋሸ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ክስተቱ የዘርፉን ሰዎች እንቅልፍ የሚነሣ ጥያቄ ትቶ ሄደ። ስህተት ይህን ያህል ሀብት ማንቀሳቀስ ከቻለ፣ ሆን ተብሎ የሚፈረም ሐሰት ስንት ያወጣል? ፈራሚውንስ ከዚያ ፈተና የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ብሎክቼይን በተፈጥሮው ከራሱ መዝገብ ውጭ ያለውን ዓለም አያውቅም። ማን ለማን ስንት እንደላከ፣ አንድ ፊርማ ከየትኛው ቁልፍ እንደወጣ ያለ ስህተት ያረጋግጣል። ትናንት ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ፣ ምርጫውን ማን እንዳሸነፈ፣ ወርቅ ዛሬ ስንት እንደዋለ ግን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ራሱን በራሱ የሚያስፈጽም ውል፣ ማለትም ስማርት ኮንትራት፣ ከውጭው ዓለም ወሬ የሚያደርስለት አካል ያስፈልገዋል። ይህ አካል ኦራክል ይባላል። ስሙ በጥንታዊት ግሪክ በዴልፊ መቅደስ ይነገር ከነበረው ትንቢት የተወሰደ ቢሆንም ሥራው ከነቢይ ይልቅ ለችሎት ምስክር ይቀርባል። አየሁ የሚለውን ይናገራል፤ በቃሉ ላይ በሚስጥራዊ ቁልፉ ይፈርማል፤ በፊርማውም ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይሻገራል።

የችሎት ምስክር መሐላ፣ እስር ቤትና የጎረቤት ዓይን ይጠብቁታል። የኦራክል ፈራሚ ብዙ ጊዜ ስሙም አገሩም አይታወቅም። የሥርዓቶቹ ነዳፊዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ገንዘብ ነው፤ እውነት ለፈረመ ክፍያ፣ ሐሰት ለፈረመ መያዣውን መውረስ። ከ2014 ወዲህ ያለው የሙከራ ታሪክ ሲመረመር ግን አንድ ድንበር በተደጋጋሚ ይታያል። ቅጣቱ ከራሱ ቃል ጋር የተጋጨን፣ ከሥራ የቀረን ወይም ከባልደረቦቹ የተለየን ፈራሚ ይይዛል። ብዙዎች በአንድነት የተስማሙበትን ሐሰት፣ እንዲሁም እውነት ሆኖ ሳለ ለተንኮል የተመቻቸን ቁጥር ግን አይዝም። በሥራ ላይ የታየው ደኅንነት ከቅጣቱ መጠን ይልቅ በአንዲት ፊርማ ላይ ምን ያህል ሀብት እንዲንጠለጠል ከመፍቀድና ካለመፍቀድ የመጣ ነው።

ከለንደን የተወረሰው ችግር

ችግሩ ከክሪፕቶ በፊት የነበረ ነው። የብሪታንያ ባንኮች ማኅበር ከ1986 ጀምሮ ላይቦር የተባለውን የወለድ ምጣኔ በየሥራ ቀኑ ያሳውቅ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተመረጡ ትልልቅ ባንኮች ከሌሎች ባንኮች በስንት ወለድ መበደር እንደሚችሉ ይጠየቃሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሩብ ይጣላል፤ የቀረው አማካዩ ይወሰዳል። በዚህ ቁጥር ላይ ከቤት ብድር እስከ ውስብስብ የፋይናንስ ውሎች ድረስ በመቶ ትሪሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተንጠልጥሎ ነበር።

ጫፎቹን መጣል አንድን ብቸኛ ውሸታም ይከላከላል። ባንኮቹ ግን ለመዋሸት ሁለት ምክንያት ነበራቸው። በ2008 ቀውስ ወቅት ከፍ ያለ ወለድ ማስመዝገብ ድክመትን በአደባባይ እንደ መናዘዝ ይቆጠር ስለነበር ዝቅ አድርጎ መናገር ይጠቅም ነበር። ከዚህ ሌላ የባንኮቹ ነጋዴዎች በዚያው ቁጥር ላይ የተመሠረቱ ውሎች በእጃቸው ስለነበሩ ምጣኔው በመቶኛ ክፍልፋይ እንኳ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ቢንቀሳቀስ ያተርፉ ነበር። የተጠየቁት ግምታቸውን እንጂ የፈጸሙትን ግብይት ባለመሆኑ ሐሰቱን ከቅን ስህተት መለየት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

ቅጣቱ ሲመጣ ከሥርዓቱ ውጭ መጣ። በጁን 2012 ባርክሌይስ ለብሪታንያና ለአሜሪካ ባለሥልጣናት በድምሩ ወደ 290 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፤ ሌሎች ባንኮችም ተከተሉ። የቀድሞው ነጋዴ ቶም ሄይስ በ2015 የ14 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 11 ዓመት ዝቅ አለ። ሆኖም የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ለዳኝነት ሸንጎው የተሰጠው መመሪያ የተሳሳተ ነበር ብሎ ጥፋተኝነቱን ሰረዘው። የመንግሥት ሙሉ የምርመራ አቅም ባለበት ችሎት እንኳ አንድን ግምት ሐሰት ብሎ መፍረድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይህ ጉዳይ ያሳያል።

ዘላቂው መፍትሔ ሐቀኛ ፈራሚ መፈለግ አልሆነም። በባንኮች ግምት ላይ የቆመው የዶላር ላይቦር በጁን 2023 መጨረሻ ቆመ፤ ቦታውን በተጨባጭ የአንድ ሌሊት ብድር ግብይቶች ላይ የተመሠረተው ሶፈር ወሰደ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ባወጣው ሕግ የገበያ ማጣቀሻ ቁጥሮችን የሚያሰሉ አካላትን በቁጥጥር ሥር አዋለ። ለንደን የተማረችው የምስክሩን ባሕርይ ከማረም ይልቅ የምስክርነቱን ወሰን ማጥበብ እንደሚቀል ነው።

የሼሊንግ ሐሳብ በኮድ ሲጻፍ

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቶማስ ሼሊንግ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ሳይነጋገሩ መግባባት የሚቻልበትን መንገድ መርምሮ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ለመገናኘት የተቀጣጠሩ፣ ግን ቦታና ሰዓት ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች የት ይሄዳሉ? ብዙዎቹ መላሾች በእኩለ ቀን ወደ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ እንሄዳለን አሉ። ሌላው ሰው ይመርጠዋል ብሎ እያንዳንዱ የሚገምተው ቦታ በራሱ መገናኛ ይሆናል።

በማርች 2014፣ ኢቴሪየም ሥራ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ቪታሊክ ቡተሪን ይህን ሐሳብ ለኦራክል አዋለው። ብዙ ፈራሚዎች እርስ በርስ ሳይተያዩ ቁጥር ያስገባሉ፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ከመሐለኛው ግማሽ ውስጥ የዋሉት ይሸለማሉ። ሌሎች ምን ይላሉ ብሎ ለሚያሰላ ፈራሚ የተሻለው ግምት እውነቱ ራሱ ነው፤ ሐሰት ብዙ መልክ ሲኖረው እውነት አንድ ስለሆነ። ፖል ስቶርክም በዚያው ዓመት ትሩዝኮይን በተባለ ንድፍ ተቀራራቢ መንገድ አቀረበ።

ድክመቱን ለማሳየት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በጃንዋሪ 2015 ቡተሪን ራሱ አንድ አስደንጋጭ የጉቦ ስሌት አብራራ። ከብዙኃኑ ጋር የተስማማ ፈራሚ 100 ብር ያገኛል፤ የተለየ ምንም አያገኝም እንበል። አንድ ጉቦ ሰጪ መጥቶ፣ «ሐሰቱን ፈርማችሁ እውነቱ ካሸነፈ 101 ብር እኔ እከፍላችኋለሁ» ብሎ በማይሻር ውል ቃል ይገባል። እያንዳንዱ ፈራሚ አሁን እንዲህ ያሰላል። ብዙኃኑ እውነቱን ከፈረሙ እውነት 100፣ ሐሰት 101 ያስገኛል። ብዙኃኑ ሐሰቱን ከፈረሙ እውነት ባዶ፣ ሐሰት 100 ያስገኛል። በሁለቱም መንገድ ሐሰት ይበልጣል። ሁሉም ሐሰቱን ይፈርማሉ፤ ሐሰቱም ስላሸነፈ ጉቦ ሰጪው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም።

የስሌቱ ክብደት ያለው ቅጣቱ ራሱ የጥቃቱ መሣሪያ መሆኑ ላይ ነው። ከብዙኃኑ የተለየን ይቀጣል የተባለው ደንብ ብዙኃኑ ሲያብሉ ሐቀኛውን ይቀጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ድሩ ለማን እንዳበረ አይናገርም።

በጁላይ 2018 በኢቴሪየም ላይ ሥራ የጀመረው ኦገር ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞከረ። በኦገር የአንድ ክስተት ውጤት ሲነገር ማንም መያዣ አስይዞ መቃወም ይችላል። ክርክሩ በቀጠለ ቁጥር የሚጠየቀው መያዣ እያደገ ይሄዳል። በመጨረሻ መጠኑ ከጠቅላላው ቶከን የተወሰነ ድርሻ ላይ ከደረሰ ሥርዓቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ እያንዳንዱ ባለ ቶከን በአንዱ ወገን መቆም አለበት። ሐሰቱን የመረጡት ተጠቃሚ በሌለበት ዓለም ውስጥ ዋጋ ቢስ ቶከን ታቅፈው ይቀራሉ ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ብልህ ንድፍ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ፈራጅ ማን እንደሆነ ልብ ማለት ያሻል። ከተሰነጠቁት ዓለማት እውነተኛው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው በየትኛው እንደሚገበያዩ የሚመርጡት የውጭ ተጠቃሚዎች ናቸው። ነዳፊዎቹ ራሳቸውም ደኅንነቱ የቆመበትን ሚዛን በጽሑፋቸው አስቀምጠዋል፤ የቶከኑ ጠቅላላ ዋጋ በውጤቶቹ ላይ ከተወራረደው ገንዘብ በቂ ብልጫ ሊኖረው ይገባል። ሌሎች ሥርዓቶች ለኦገር ክፍያ ሳይከፍሉ በኦገር ውጤት ላይ ቢወራረዱ ይህ ሚዛን ማንም ሳያየው ይዛባል። ፈራሚው ያስያዘው ይታወቃል፤ በፊርማው ላይ የተንጠለጠለው ግን አይታወቅም።

ሁለት ጊዜ የፈረመ

በ2017 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ ታዴየስ ድራያ ለቢትኮይን የነደፈው ሥርዓት ፍጹም ሊባል የሚችል ቅጣት ይዟል። ኦራክሉ ክስተቱ ከመድረሱ በፊት ለዚያ ክስተት ብቻ የሚያገለግል የቁጥር ቃል ኪዳን በይፋ ያስቀምጣል። ክስተቱ ሲደርስ ውጤቱን በዚያ ላይ ይፈርማል። ኦራክሉ ለአንዱ ተዋዋይ አንድ ውጤት፣ ለሌላው ሌላ ውጤት ከፈረመ ሁለቱን ፊርማዎች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ማንም ሰው በቀላል አልጀብራ የኦራክሉን ሚስጥራዊ ቁልፍ ያወጣል። ከሳሽም ዳኛም አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ራሱ ይቀጣል። ከዚህም ሌላ ተዋዋዮቹ እነማን እንደሆኑ ወይም ስንት እንዳስያዙ ኦራክሉ ስለማያውቅ ለማን ማድላት እንዳለበትም አያውቅም።

ይሁን እንጂ ያው ኦራክል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሁሉም እኩል፣ ሐሰት ከፈረመ ሒሳቡ ዝም ይላል። ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ኢቴሪየም የገነባው የፈራሚዎች ቅጣትም እዚሁ ድንበር ላይ ይቆማል። 32 ኢቴር ያስያዘ አረጋጋጭ ለአንድ ቦታ ሁለት የተለያዩ ብሎኮችን ከፈረመ ከመያዣው ይወረስበታል፤ ምክንያቱም ማስረጃው በመዝገቡ ውስጥ ነው። የውጭው ዓለም እውነት ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም። አይገንሌየር የተባለው ሥርዓት በ2024 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ልዩነት ስም ሰጥቶ ለያየው። አንዳንድ ጥፋት በሒሳብ ይረጋገጣል፤ ሌላው ግን አስተዋይ ተመልካቾች ሁሉ የሚስማሙበት ሆኖ ሳለ ማሽኑ ሊያረጋግጠው የማይችል ነው። የኦራክል ሐሰት ከሁለተኛው ወገን ነው።

ስም እንደ መያዣ

በዚህ ሁሉ መሐል በተግባር የሰፋው መንገድ ብዙም ያልተወሳሰበ ነበር። በዲሴምበር 2017 ዳይ የተባለውን የተረጋጋ ገንዘብ ያወጣው ሜከርዳኦ የተመረጡ ፈራሚዎች የሚልኩትን ዋጋ ሰብስቦ መሐለኛውን ይወስድ ነበር። በኋላ ደግሞ አዲስ ዋጋ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አንድ ሰዓት እንዲቆይ አደረገ። መዘግየቱ ማንንም አይቀጣም፤ ሐሰት ከተፈረመ ሰዎች አይተው እንዲያስቆሙት ጊዜ ይሰጣል። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ገበያ በሚናድበት ቀን የአንድ ሰዓት ዕድሜ ያለው ቁጥር አደገኛ ነው።

ቼይንሊንክ በሴፕቴምበር 2017 ባወጣው የመጀመሪያ ሰነድ ስለ ቅጣት መያዣ ጽፎ ነበር። በሜይ 2019 በኢቴሪየም ላይ ሥራ ሲጀምር ግን ፈራሚዎቹን የያዛቸው በዋነኛነት የማያቋርጥ ክፍያና ስማቸው ነበር። በኋላ ከተቀላቀሉት ፈራሚዎች መካከል የጀርመኑ ዶቼ ቴሌኮም ንዑስ ኩባንያን የመሰሉ በአደባባይ የሚታወቁ ድርጅቶች ነበሩ።

የምጣኔ ሀብት ንድፈ ሐሳብ ለዚህ ቀድሞ ስም አለው። ጋሪ ቤከርና ጆርጅ ስቲግለር በ1974 ሕግ አስከባሪዎችን ከጉቦ ለመጠበቅ ሁለት መንገድ አቅርበው ነበር፤ ሲቀጠሩ መያዣ ማስያዝ፣ ወይም ከገበያው ከፍ ያለ ደሞዝ በመክፈል ሥራውን ማጣት ራሱን ቅጣት ማድረግ። በሁለቱም መንገድ ሚዛኑ አንድ ነው። የመያዝ ዕድሉ በሚደርሰው ኪሳራ ሲባዛ ከሐሰቱ ከሚገኘው ትርፍ መብለጥ አለበት። ለዓመታት በየወሩ ክፍያ የሚጠብቅ ፈራሚ ነገ የሚመጣው ገቢው ሁሉ ሳይጻፍ የተያዘ መያዣ ነው።

ቼይንሊንክ መያዣ የማስያዝ ሥርዓቱን በዲሴምበር 2022 ጀመረ፤ በ2023 መጨረሻ በወጣው ሁለተኛ እትም ደግሞ ከፈራሚው መያዣ መውረስ ተፈቀደ። መጠኑ 700 ሊንክ ነበር፤ በጊዜው ዋጋ ወደ 10 ሺህ ዶላር ገደማ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ቅጣቱ የሚመዘዝበት ምክንያት ነው። የኢቴርና የዶላር ዋጋ ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይታደስ ከቀረ ነው ቅጣቱ የሚመጣው። ዝምታ ይቀጣል፤ የተሳሳተ ቁጥር በዚህ ደንብ አይቀጣም። ምክንያቱ ከላይ የታየው ድንበር ነው። ቁጥር አለመታደሱን መዝገቡ ያያል፤ ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ግን ሌላ ኦራክል ሳይጠየቅ ማወቅ አይቻልም፤ ያም ኦራክል ጠባቂ ያስፈልገዋል።

እውነት ተፈርሞ የደረሰ ጉዳት

ሐቀኛ ፊርማ በራሱ በቂ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ክስተቶች በሁለት ዓመት ልዩነት ደረሱ።

ኖቬምበር 26 ቀን 2020 አንድ ዶላር መሆን የነበረበት ዳይ በኮይንቤዝ ገበያ ላይ ለአጭር ጊዜ ወደ 1.30 ዶላር ወጣ። ኮምፓውንድ የተባለው የብድር ሥርዓት በኮይንቤዝ የተፈረመ ዋጋ ይጠቀም ነበር። ፊርማው ትክክል ነው፤ ቁጥሩም በዚያ ገበያ በዚያች ደቂቃ እውነት ነበር። ዳይ የተበደሩ ሰዎች ዕዳ ግን በቅጽበት አብጦ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው መያዣ ተሸጠ። በሌሎች ገበያዎች ዳይ ያን ያህል አልራቀም ነበር።

ኦክቶበር 11 ቀን 2022 ደግሞ ማንጎ ማርኬትስ ላይ አብርሃም አይዘንበርግ የሥርዓቱን ቶከን በብዛት በመግዛት ዋጋውን በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ እጥፍ አስወጣው፤ ባበጠው ዋጋ ላይ ተመሥርቶም ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። ኦራክሎቹ የገበያውን ዋጋ በትክክል አስተላልፈዋል። ገበያው ቀጭን ስለነበር የዋጋው ባለቤት መሆን ፈራሚውን ከመግዛት ይረክስ ነበር። አይዘንበርግ ድርጊቱ ሥርዓቱ በተነደፈበት አግባብ የተፈጸመ ሕጋዊ ግብይት ነው ብሎ በአደባባይ ተከራከረ። በኤፕሪል 2024 የኒው ዮርክ ዳኝነት ሸንጎ ጥፋተኛ አለው፤ በሜይ 2025 ግን ዳኛው ከፊሉን ክስ በችሎቱ የግዛት ሥልጣን ምክንያት ሲሽሩት በቀረው ነጻ አወጡት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። በማንጎ ግን አጥሩ ጸንቶ ቆሟል፤ የተናቀው አጥሩ የተሠራበት መሬት ነው።

በሁለቱም ጉዳይ የፈራሚዎቹን መያዣ አሥር እጥፍ ማሳደግ አንዲት ሳንቲም አያድንም ነበር። ያድን የነበረው ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ነው፤ ዋጋን ከብዙ ገበያዎችና ከረዘመ ጊዜ መውሰድ፣ በቀጭን ገበያ በሚነገድ ቶከን ላይ የሚሰጠውን ብድር በጣሪያ መወሰን።

ድምፅ ሲገዛ

የ2014ቱ የሼሊንግ ሐሳብ ዛሬም በሕይወት አለ። ኡማ የተባለው ሥርዓት «ካልተቃወሙት እውነት ነው» በሚል መነሻ ይሠራል። አንድ ሰው መያዣ አስይዞ ውጤቱን ይናገራል፤ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ተቃዋሚ ካልመጣ ይጸናል። ክርክሩ ካልበረደ ባለ ቶከኖች በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከብዙኃኑ የተለዩና ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩ ካስያዙት ጥቂት ይቀነስባቸዋል። ፖሊማርኬት የተባለው የትንበያ ገበያ ለብዙ ጥያቄዎቹ ውጤት በዚህ ሥርዓት ላይ ይተማመናል።

በማርች 2025 ዩክሬን ከኤፕሪል በፊት ከአሜሪካ ጋር በማዕድን ስምምነት ላይ ትስማማለች ወይ የሚል፣ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ግብይት የተካሄደበት ጥያቄ «አዎ» ተብሎ ተዘጋ። በዚያ ቀን የተፈረመ ስምምነት አልነበረም፤ ስምምነቱ ዋሽንግተን ውስጥ የተፈረመው ኤፕሪል 30 ነው። እንደተዘገበው አንድ ትልቅ ባለ ቶከን በሦስት አድራሻዎች ወደ 5 ሚሊዮን ቶከን አሰልፎ ከድምፁ ሩብ ገደማውን ይዞ ነበር። ፖሊማርኬት ውጤቱ ከተጠቃሚዎቹ ግምትና ከራሱ ማብራሪያ ጋር እንደማይሄድ ቢያምንም ገንዘብ አልመለሰም።

ከአሥር ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የተሰላው ድክመት እዚህ ላይ ሥጋ ለበሰ። ትልቁ ባለ ድምፅ የሚያዘነብልበትን የገመቱ ትንንሽ ፈራሚዎች እውነቱን ቢያውቁም ከእሱ ጋር መቆም ያተርፋቸዋል፤ ቅጣቱ የተጻፈው ከብዙኃኑ ለተለየ ነውና። በዚያው ዓመት የተወሰደው እርምጃም ታሪኩ ወዴት እንዳዘመመ ያሳያል፤ ለፖሊማርኬት ጥያቄዎች ውጤት የማቅረብ መብት ለተመረጡ፣ ልምድ ላላቸው አድራሻዎች ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ማንነት አያስፈልግም ብሎ የተነሣ ሥርዓት ወደ ታወቀ ስም ተመለሰ።

ማሳውና ሳተላይቱ

ይህ ክርክር የቁማርተኞችና የሶፍትዌር ባለሙያዎች ብቻ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። በውጭ የተረጋገጠ አንድ ቁጥር የብዙ ሰዎችን ኑሮ የሚወስንበት ሥርዓት ግን ብሎክቼይን ሳይኖረውም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። በ2009 በትግራይ አዲ ሃ በተባለች ቀበሌ በኦክስፋም አሜሪካ፣ በማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ በንያላ ኢንሹራንስና በስዊስ ሪ ትብብር የተጀመረው የዝናብ መድን ጤፍ ለሚያመርቱ 200 ያህል አባወራዎች ቀረበ። ካሣው የሚወሰነው የእያንዳንዱ ማሳ ምርት ተለክቶ አልነበረም። ሳተላይት የገመተው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ካሣው ይከፈላል።

ሳተላይት አይዋሽም፤ ጉቦም አይበላም። ያም ሆኖ ሳተላይቱ ዘንቧል ባለበት ወቅት የአንዱ ገበሬ ማሳ ሊደርቅ ይችላል። የመድን ባለሙያዎች የመነሻ ስጋት የሚሉት ይህ ነው፤ ከኮምፓውንድ ተበዳሪዎች የደረሰው ጉዳት የቅርብ ዘመድ ነው። ቁጥሩ በተለካበት ቦታ እውነት ነው፤ ገንዘቡ የተንጠለጠለው ግን በሌላ ቦታ ባለ እውነት ላይ ነው።

የአዲ ሃ ፕሮጀክት ነዳፊዎች ይህን ያውቁ ነበር። መለኪያው ሲነደፍ የአካባቢው ገበሬዎች የትኛው ዓመት ክፉ እንደነበር፣ ዝናቡ በየትኛው ሳምንት ቢቀር ሰብሉ እንደሚጎዳ ተጠይቀው ነበር። በኋላ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገብቶበት አር ፎር በሚል ስም ሲሰፋም መድኑ ብቻውን እንዲቆም አልተደረገም፤ አፈርና ውሃ ጥበቃ፣ ቁጠባና ብድር አብረውት ተጓዙ። የሳተላይቱ ቁጥር ቢስት ገበሬው የሚይዘው ሌላ ነገር ነበረው።

ዛሬ በአፍሪካ ቀንድ የሰብል መድንን፣ የሐዋላ ምንዛሪንና የመሬት መዝገብን በስማርት ኮንትራት ለማስፈጸም የሚቀርቡ ሐሳቦች እየበዙ ነው፤ ከነዳፊዎቹና ከገንዘብ አቅራቢዎቹ መካከል በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ሰነድ ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነበው ፈራሚዎቹ ስንት እንዳስያዙ ነው። ከአሥር ዓመቱ ታሪክ የሚወጣው ጥያቄ ከዚያ ቀድሞ ይመጣል። ይህ ቁጥር ቢሳሳት ወይም ቢገዛ በአንድ ቀን ስንት ሰው ስንት ያጣል? ጉዳቱን የሚያስቆም ሰው አለ ወይ? ካለስ ከገንዘቡ መሻገር በፊት ለማየት ስንት ሰዓት ተሰጥቶታል? ሰነዱ በእነዚህ ላይ ዝም ካለ፣ በመያዣው ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቱንም ያህል ቢረዝም፣ አደጋው የተላለፈው ማሳው ወደ ደረቀበት ገበሬ ነው።